የተቸገረ ማኅበርተኛን ሳናሳፍር የምንረዳው እንዴት ነው?

የማኅበሩ ጸሐፊ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በየወሩ በ21 በእመቤታችን ስም የምንጠጣው የጽዋ ማኅበር አለን፤ አብዛኞቻችን በወላጆቻችን እግር ተተክተን የገባንበት ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ጉዳይ ገጥሞን ደጋግመን ብንነጋገርበትም ልንቋጨው ስላልቻልን፣ በየአጥቢያችሁ ያለውን ልማድና ከቅዱስ መጽሐፍ የምታውቁትን እንድታካፍሉን ብዬ ይህን ክር ከፍቻለሁ።

ከማኅበርተኞቻችን አንዷ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጆቻቸውን በትንሽ ንግድ ያሳድጉ የነበሩ እናት ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ሱቃቸው ተዘርፎ መደርደሪያው ብቻ ቀረ፤ አሁን እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት ያስረክባሉ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ስል አንዳንዱን ነገር ለውጬ ነው የጻፍሁት።) ጽዋው የሚደርሳቸው ወር ሲቃረብ ከሌላ ማኅበርተኛ ጋር ተራ ተለዋወጡ። የተለወጠውም ተራ ሲደርስ እንደ ገና እንዲተላለፍላቸው ለመኑ። ኋላ «እግሬን አሞኛል» ብለው ከነጭራሹ ቀሩ። ጎረቤታቸው የሆነች እኅታችን እንደ ነገረችን ግን እግራቸው ደኅና ነው፤ ያጡት መደገሻ ነው።

አሁን በማኅበሩ ውስጥ ሦስት ዓይነት አሳብ ተነሥቷል። አንዳንዶች በሚቀጥለው ጽዋ ላይ ጉዳዩ በይፋ ተነግሮ ሁሉም እንደ አቅሙ ያዋጣ ይላሉ። ሌሎች፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ፎቶግራፋቸውንና የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን በቴሌግራም ብንለቅቀው ውጭ አገር ያሉ የደሴ ልጆች ቶሎ ይደርሱላቸዋል ባዮች ናቸው። የቀሩት ደግሞ ጽዋ ማኅበር ለዝክር የቆመ እንጂ የርዳታ ድርጅት አይደለም፣ የወደደ በግሉ ይስጥ፣ ሁለቱን አታደባልቁ ይላሉ። እኔ ከሦስቱም ጋር ልስማማ አልቻልሁም። የመጀመሪያው ሴትዮዋን በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ያቆማቸዋል፤ ሁለተኛው በማያውቃቸው ሰው ሁሉ ፊት ያቆማቸዋል፤ በሦስተኛው መንገድ ከሄድን ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ቤታቸው ይቀራሉ። ገንዘቡን መሰብሰቡ ያን ያህል አያስጨንቀንም። የጨነቀን አንገታቸውን ሳያስደፋ የሚደርስበትን መንገድ ማግኘቱ ነው።

ቀሲስ (ሐይቅ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ስለ ገንዘቡ ከመጨነቅህ በፊት ስለ ሴትዮዋ ክብር መጨነቅህ ደግ ነው። እኔ ግን ጥቂት ወደ ኋላ እመልስሃለሁ። እኒህ እናት ከማኅበር የቀሩት የሚያበሉት አጥተው ከሆነ፣ ርዳታው ከመምጣቱ በፊት ማኅበሩ የራሱን ድግስ ሊመረምር ይገባዋል።

በቆሮንቶስ የነበሩ ክርስቲያኖች ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ ያለው ቀድሞ እየበላ፣ የሌለው እየተራበ ይቀመጥ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው መልእክቱ በ11ኛው ምዕራፍ የተቆጣውን ቁጣ አንብበው፤ የእግዚአብሔርን ማኅበር ከመናቅ ጋር አንድ አድርጎ የነቀፈባቸው ነገር የሌላቸውን ማሳፈራቸውን ነው። እነዚያ ድሃውን ባለማብላት አሳፈሩት። እኛ ደግሞ ድሃው እንደ ባለጸጋው ካላበላ ከመካከላችን እንዳይቀመጥ አድርገን እናሳፍረዋለን። በልጅነቴ የማውቀው የማኅበር ድግስ ዳቦ፣ ጠላ፣ ንፍሮና አንድ ወጥ ነበር። ዛሬ በከተማው በግ ካልታረደና ለስላሳ በሳጥን ካልገባ ተረኛው ያፍራል፤ አንዱ ሲጨምር ሁለተኛው ከእርሱ እንዳያንስ ይጨምራል፣ ሦስተኛው ይበደራል፣ አራተኛዋ እግሬን አሞኛል ትላለች። በገጠሩ ሰንበቴ እስካሁን እንዲህ ያለ ፉክክር ብዙም አላየሁም።

ሁለተኛው ነገር፣ «የወደደ በግሉ ይስጥ» ለሚሉት ወንድሞች ነው። በግል መስጠት ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው፤ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ 6ኛ ምዕራፍ በኢየሩሳሌም በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት «እያንዳንዱ ልቡ እንዳዘዘው ያድርግ» ብለው አልተዉትም። በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው፣ እጃቸውን ጭነው፣ ሥራ ብለው ሰጡአቸው። ከዚያ ወዲህ ድሃን መመገብ በቤተ ክርስቲያን ኃላፊ ያለው፣ መዝገብ ያለው ሥራ ሆኖ ኖረ። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ251 ዓ.ም. ገደማ የሮሜ ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ1500 የሚበልጡ መበለቶችንና ችግረኞችን ትመግብ እንደ ነበር ገልጿል። ያ ገና የስደት ዘመን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሕጋዊ ፈቃድም ሕንጻም አልነበራትም፤ የድሆቹ ቍጥር ግን በእጇ ነበረ። በእኛም ዘንድ ዲድስቅልያ የተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ጳጳሱና ዲያቆናቱ ለመበለትና ለወላጅ አልባ እንዲያስቡ ያዝዛል፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ስለዚህ ማኅበሩ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ሊል አይችልም።

ስለ ስውርነቱም፣ ታኅሣሥ 10 ቀን ስንክሳር ሲነበብ የቅዱስ ኒቆላዎስን ነገር ሰምተኸዋል። ሦስት ሴቶች ልጆቹን መዳር ያቃተው ሰው ከባለጸግነት የወረደ ሰው ነበረ። ቅዱሱ ገንዘቡን በሌሊት በመስኮት የጣለለት መለመን የማያውቅ ሰው መሆኑን ስላወቀ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየማኅበሩ አለ፤ ደጀ ሰላም ላይ እጁን ዘርግቶ ስለማናየው ግን ከችግረኛ አንቆጥረውም።

የቅሬ ገንዘብ ያዥ (ኮምቦልቻ)

አባታችን፣ ቡራኬዎ ይድረሰን። በተናገሩት ሁሉ እስማማለሁ፤ በስውርነቱ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር ማንሣት ይኖርብኛል።

የቅሬያችን (በሌላው አገር እድር የሚባለው) ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስሠራ የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው የማያየው ገንዘብ ውሎ አድሮ ማኅበር እንደሚያፈርስ ነው። ሌባ ባይኖርበት እንኳ ሐሜቱ ይበቃዋል። ቅሬ በወሎ ለዚህን ያህል ዘመን ጸንቶ የኖረው ሁሉ ነገሩ በጉባኤ ስለሚነበብ ነው፤ የገባው፣ የወጣው፣ የድንኳኑ ኪራይ፣ የተሰበረው ብርጭቆ፣ ያልመጣው ሰው መቀጮ፣ ሁሉም በአደባባይ ይነገራል። «ለአንድ ችግረኛ ይህን ያህል ሰጥተናል፣ ለማን እንደ ሆነ አትጠይቁን» ብዬ ብነሣ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ።

ይህ ፍርሃት የእኔ ብቻ አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ነበረበት። በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች ምእመናን ከገላትያ፣ ከመቄዶንያና ከአካይያ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ሲያሰባስብ ብቻውን አልያዘውም። በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት በ16ኛው ምዕራፍ ሁሉም ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን እንደ አቅሙ እያስቀመጠ እንዲያቆይ፣ ስጦታውንም እነርሱ ራሳቸው የመሰከሩላቸው ሰዎች እንዲያደርሱ አዘዘ። በሁለተኛው መልእክት በ8ኛው ምዕራፍ ደግሞ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሌላ ወንድም እንደ ላከ ይናገራል፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ፣ ስለዚህ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ጳውሎስ እንኳ ብቻውን ካልታመነ እኔ በምን ልታመን?

ደግሞ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። የቅሬ ገንዘብ የተቀበለ ሰው አያፍርም። ለምን ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሐዘን ሲደርስ ለሀብታሙም ለድሃውም ያው ገንዘብ፣ ያው ድንኳን፣ ያው ንፍሮ ስለሚደርስ ነው። ማንም መርምሮ አልሰጠውም፤ ማንም ለምኖ አልተቀበለም። ቅሬያችን ለሞት ይህን ያህል ተዘጋጅቶ ሳለ በሕይወት ላለ ሰው ግን ውስጠ ደንቡ አንድ ሳንቲም አይፈቅድም። ሰውዬው ሲሞት ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን እንቀመጥለታለን፤ ከመሞቱ በፊት መድኃኒት የሚገዛበት አጥቶ እንደ ነበር የምንሰማው እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያመኛል።

እኅታችሁ (ከወልድያ)

በቅድሚያ ለቀሲስ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስለ ሰጪዎች ብዙ ተነግሯል፤ እኔ ተቀባይ ሆኜ ያየሁትን ልናገር።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከወልድያ ሸሽተን ደሴ ስንገባ ያረፍነው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። የደሴ ሕዝብ ያደረገልንን እግዚአብሔር ይክፈለው፤ የራሱን ምሳ ያልበላ ሰው እንጀራ በመሶብ ይዞልን ይመጣ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ዱቄትና ዘይት ይዞ የመጣ ቡድን ሰልፍ አስያዘንና፣ ዘይቱን ከመቀበላችን በፊት እያንዳንዳችን ፊታችንን ወደ ስልኩ እንድናዞር ነገሩን። ከፊቴ የነበሩ እናት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አወረዱ። ልጁ በትሕትና ነበር የተናገረው፤ «እማማ፣ ይግለጡት፣ አይታይም» አላቸው። ገለጡት። ዘይቱን ተቀብለው ሲመለሱ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እስከ ማታም ከማንም ጋር አላወሩም። እነዚያ ልጆች ክፉዎች አልነበሩም፤ ለሰጪዎቻቸው ማስረጃ ማቅረብ ነበረባቸው። ማስረጃው ግን የሴትዮዋ ፊት መሆን አልነበረበትም።

በዚያው ሰሞን ቧንቧ ውኃ ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አግኝታኝ «በርበሬ የሚቀነጥስልኝ ሰው አጥቼ ነው፣ ታግዢኛለሽ?» አለችኝ። ሄድሁ። ቀኑን ሙሉ እየቀነጠስን፣ ቡና እያፈላች፣ ልጆቼ ከልጆቿ ጋር ሲጫወቱ ዋልን። ስመለስ ሽሮና በርበሬ ቋጥራ፣ የልጆች ሹራብም ጨምራ «የእጅሽ ነው» ብላ ሰጠችኝ። ሁለት ያደጉ ሴቶች ልጆች ነበሯት፤ የሚቀነጥስ ሰው እንዳላጣች እያየሁ ነው የዋልሁት። ያን ቀን ቀና ብዬ ነው የተመለስሁት።

ስለዚህ ለጸሐፊው የምለው፣ እኒህ እናት እንጀራ የሚጋግሩ ከሆነ ማኅበሩ የየወሩን እንጀራና ዳቦ ከእርሳቸው ይግዛ፤ በገበያው ዋጋ፣ ሳይከራከር፣ ቀድሞ እየከፈለ። ያ ሁሉን ነገር አይፈታም፤ ለመጀመሪያው ግን ይበቃል።

ወንጌላዊ (ደሴ)

እኔ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ አገለግላለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የምናነበው መጽሐፍ አንድ ስለ ሆነ ለመጻፍ ደፈርሁ። የእኅታችን ምስክርነት ልቤን ነክቶታል።

በእኛም ጉባኤ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበርና ሁለት ነገሮችን ላክል። አንደኛ፣ ገንዘቡ ችግር ሲደርስ የሚዋጣ ከሆነ ሁልጊዜ የሰው ስም መጥራት ግድ ይሆናል፤ «ለእገሌ አዋጡ» ሳይባል ኪሱን የሚከፍት የለምና። ሳጥኑ ቀድሞ የተሞላ ከሆነ ግን ስም መጥራት አያስፈልግም። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ150ዎቹ ዓ.ም. በሮሜ የነበረው ሰማዕቱ ዮስጦስ የእሑድን አምልኮ ሲገልጥ፣ ያላቸውና የወደዱት እንደ ፈቃዳቸው እንደሚሰጡ፣ የተሰበሰበው በጉባኤው መሪ ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ እርሱም ወላጅ አልባዎችን፣ መበለቶችን፣ ሕሙማንን፣ እስረኞችንና እንግዶችን እንደሚረዳበት ጽፏል። ችግሩ ሳይደርስ ገንዘቡ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለው የተሰሎንቄ ቃል ብዙ ጊዜ በድሃው ላይ ይጠቀሳል። ሐዋርያው የተናገረው መሥራትን ስለማይወድ ሰው ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ምጣድ የምትጥድ ሴት ይህ ቃል አይመለከታትም። እንዲህ ላለችው ሠራተኛ የጤፍ መግዣ ያለ ወለድ ማበደር ከስጦታ ይሻል ይመስለኛል፤ ራሷን እንድትችል ያደርጋታልና።

የቅሬ ገንዘብ ያዥ (ኮምቦልቻ)

ወንጌላዊ፣ ስለ ሳጥኑ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔም ቅሬን ሳስብ የጎደለኝ ይኸው ነበር። በብድሩ ላይ ግን አልስማማም። ከራሷ ማኅበር የተበደረች ሴት መክፈያው ሲያልፍባት ዳግመኛ ትሸሻለች፤ ያን ጊዜ እግሯን አሟት ሳይሆን ዕዳ ኖሮባት ነው። የምናበድር ከሆነ ቢመለስ ለሌላ ችግረኛ የሚውል፣ ባይመለስ ግን ማንም የማይጠይቀው አድርገን ከመጀመሪያው እንወስን። ዘዳግም 15 ላይ የምሕረቱ ዓመት ቀርቧል ብለህ ለድሃው ወንድምህ ከማበደር አትከልክል የሚለው ለዚህ ነው፤ አበዳሪው ሊቀርበት እንደሚችል እያወቀ እንዲሰጥ ታዝዟል።

አብዱ (ባቲ)

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ቤተ ሰቦቼ ግን እንደ ብዙው የወሎ ቤት የተቀላቀሉ ናቸው፤ አክስቴ የማርያምን ጽዋ ትጠጣለች። በጉዳያችሁ ገብቼ ልፈርድ አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በእኛ ዘንድ ዘካተል ፊጥር (የረመዳን ጾም ሲፈታ የሚሰጠው ምጽዋት) ከኢድ ሶላት በፊት ለድሃው ይደርሳል፤ ድሃው በበዓሉ ቀን እንዳይለምን ነው። ሰፈር ውስጥ ማን እንደ ተቸገረ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ዝርዝሩ በእነርሱ ዘንድ ይቀመጣል። ቅሬያችን የጋራ ነውና፣ አንዱ ወገን ያለውን ልማድ ሌላው ቢያየው ጉዳት የለውም። ጥያቄም አለኝ፤ የሃይማኖት ቤተ ሰዎችን መርዳት የሚለውን ትምህርታችሁን ስታስተምሩ የጎረቤቱ ነገር እንዴት ይሆናል?

ቀሲስ (ሐይቅ)

አብዱ ልጄ፣ ጥያቄህ የሚገባ ነው፤ ሳልመልስልህ ባልፍ ቅር ይለኛል። ገላትያ 6፥10 ለሰው ሁሉ መልካም እናድርግ ብሎ ይጀምርና፣ ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች ብሎ ይጨርሳል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። አንድ አባት ልጆቹን ቀድሞ ስለ መገበ ጎረቤቱን ጠላው አይባልም፤ ልጆቹን ሳይመግብ ለሩቅ ሰው የሚሰጥ ግን በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ላይ ከማያምን ሰው የሚከፋ ተብሏል።

በተግባር እንዴት እንደ ሆነ ደግሞ ከአባቶች እንይ። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ368 እና በ369 ዓ.ም. በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ረኃብ በገባ ጊዜ ገና ቄስ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ የወረሰውን ሀብት ለድሆች አወጣ፤ እህል የደበቁትን ባለጸጎች ጎተራቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ገሠጸ፤ ወጡንም ሠርቶ በእጁ አደለ። ወንድሙ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እንደ ጻፈው፣ ከዚያ ማዕድ የአይሁድ ልጆችም እኩል ተካፋዮች ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በ362 ዓ.ም. ከሃዲው ንጉሥ ዑልያኖስ ለአንድ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ ያማረረውም ይህንኑ ነበር፤ እነዚህ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሆች መመገብ ሳይበቃቸው የእኛንም ይመግባሉ፣ የእኛ ሰዎች ግን ከእኛ ርዳታ ሲያጡ ይታያሉ ብሎ። የጠላት ምስክርነት ስለ ሆነ አያዳላም።

በወሎ ያለን ሰዎች ደግሞ ይህን በተለይ ልናስብ ይገባናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ሰዉ ቤቱን ትቶ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር እስኪወጣ ድረስ መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት ነበር። በኢትዮጵያ ያሉ የክርስቲያን ተራድኦ ድርጅቶች ተባብረው ኅብረት የመሠረቱት በዚያ ረኃብ ምክንያት ነው። መልካም ሥራ ነው፤ ብዙ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ርዳታው የደረሰው ሰዉ ከቤቱ ከወጣ በኋላ ነው። ከቤቱ ሳይወጣ ሊያውቅ የሚችለው ማነው ብትሉኝ፣ በየወሩ አብሮት ጽዋ የሚቀበል ሰው ነው እላለሁ።

የአምባሰል ልጅ

ቀሲስን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ድግሱ ይቀነስ የሚለውን አሳብ ሁሉም እየተቀበለው ሲሄድ ዝም ማለት አልቻልሁም። የአያቴ ዝክር የስእለት ዝክር ነው። ግሸን ማርያም ወጥተው ተስለው፣ ልጅ አግኝተው፣ በየዓመቱ ሊዘክሩ ቃል የገቡበት ነው። ከዚያ ድግስ የሚበላው ማኅበርተኛው ብቻ አይደለም፤ በር ላይ የሚቀመጡት ነዳያን፣ በአኮፋዳ የሚመጡት የቆሎ ተማሪዎች ሁሉ ይጠግባሉ። ድግሱን ቀንሳችሁ ለማኅበርተኛው በስውር ስትሰጡ ከበር ላይ ያለው ድርሻውን ያጣል፤ እርሱ ደግሞ ማኅበርም ጎረቤትም የለው።

ቀሲስ (ሐይቅ)

እውነት ነው። ስእለት አይነካ፤ የነዳያኑም ድርሻ አይነካ። የሚቀነሰው በበሩና በጽዋው መካከል ያለው ነው፤ ለእኛው ለጠገብነው የሚጨመረው ሁለተኛው ወጥና የለስላሳው ሣጥን።

የማኅበሩ ጸሐፊ (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጽሑፋችሁን ለማኅበሩ ሙሴ (ለሰብሳቢው) እና ለሁለት አረጋውያን ማኅበርተኞች አንብቤላቸው፣ በሚመጣው 21 ለማኅበሩ የምናቀርበውን አሳብ አዘጋጅተናል። ስሕተት ካያችሁበት ንገሩን።

ድግሱ ለሁሉም ተረኛ አንድ ዓይነት እንዲሆን እንጠይቃለን፤ ዳቦ፣ ጠላ፣ ንፍሮና አንድ ወጥ፤ የነዳያኑ ማዕድ እንደ ነበረ ሆኖ። ባለጸጋውም ከዚህ እንዳያልፍ በደንብ ይጻፋል፤ እርሱ ካለፈ ነገሩ ተመልሶ እንደ ቀድሞው ይሆናልና። ስእለት ያለበት ሰው ስእለቱን በሌላ ቀን በቤቱ ይፈጽማል። ከድግሱ የተረፈው ወጪ ወደ ሙዳይ ይገባል፤ ሁሉም ሰው በየወሩ ባዶም ቢሆን የታሸገ ፖስታ ይጨምራል፤ ስም አይጻፍበትም። ፖስታው ባዶ እንዲሆን የፈቀድነው ያጣ ሰው ሙዳዩ ሲዞር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ብለን ነው።

ሙዳዩን የሚይዙ ሦስት ሰዎች በየዓመቱ ይመረጣሉ፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሆናለች። በጉባኤው የሚነበበው የገባውና የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ፣ ለምን ዓይነት ችግር እንደ ወጣ፣ ምን እንደ ቀረም ነው፤ ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለቤት ኪራይ እየተባለ፤ ለማን እንደ ሆነ ግን አይነበብም። እኅታችን እንደ መከረችን የማኅበሩን ዳቦና እንጀራ ከእኒያው እናት ለመግዛት ተስማምተናል፤ ይህ የማንንም ውሳኔ ስለማይጠይቅ ከዚህ ወር ይጀመራል። አንድ ያልቋጨነው ነገር ስሞቹ ካልተነበቡ ሦስቱን ሰዎች ማን ይቈጣጠራቸዋል የሚለው ነው።

የቅሬ ገንዘብ ያዥ (ኮምቦልቻ)

እንዲህ ከሆነማ የምከራከረው ነገር የለኝም። ለቁጥጥሩ የማኅበሩን የነፍስ አባት ጨምሩበት። ሦስቱ የተቀባዮቹን ስም የሚጽፉበት ደብተር ከገንዘቡ ደብተር የተለየ ይሁንና እርሳቸው ዘንድ ይቀመጥ። እርሳቸው ገንዘብ አይንኩ፤ ገንዘብ የሚነኩትም ደብተሩን አያስቀምጡ። በየሦስት ወሩ ሁለቱን ደብተሮች አስተያይተው በጉባኤ ፊት «ትክክል ነው» የሚል ቃል ብቻ ይስጡ። የምስጢር ጠባቂነት የካህን ልማዱ ስለ ሆነ ሰዉም ያምናቸዋል። ለእያንዳንዱ ወጪ ከሦስቱ የሁለቱ ፊርማ ይኑርበት፤ ተቀባዩን ግን አታስፈርሙ።

ወንጌላዊ (ደሴ)

ይህን አሠራር ለእኛም ጉባኤ ይዤው እሄዳለሁ። ባዶው ፖስታ በተለይ እኛ ያላሰብነው ነበር።

እኅታችሁ (ከወልድያ)

ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ያስጀምራችሁ። ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንዲከፋፈል አታድርጉት። በከተማ ላለ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ከባድ ናቸው፤ የጤፍ ዋጋ ይወደዳል፣ የማገዶ እንጨት ይረጥባል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ደብተርና የደንብ ልብስ ይመጣል። ስለዚህ ከፍ ያለው ድርሻ ነሐሴ ሳያልቅ ይድረስ፤ ልጆቹ ከተመዘገቡ በኋላ የመጣ ገንዘብ ዕዳ ይከፍላል እንጂ አያስተምርም።

ሁለተኛው፣ በቴሌብር አትላኩ። በብዙ ቤት ስልኩን የሚይዘው ትልቁ ልጅ ስለ ሆነ መልእክቱን ከእናቱ በፊት የሚያነበው እርሱ ነው። ከሦስቱ ሴቲቱ የእንጀራውን ሒሳብ ልትከፍል ስትሄድ አብራ በእጃቸው ትስጣቸው።